አማ ሸምሲያ የሰየመችው ታኅሣሥ

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ፣ ሀንዲሶ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ የኖራ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ሀንዲሶ ለበዓሉ ብሎ የቤቱን ግድግዳ ኖራ ይቀባ ነበር። በውጭ ረዳቶቹ ዱራሜ፣ ዱራሜ እያሉ ይጣራሉ፤ ወዛደሮቹ ኩንታል ተሸክመው በሰው መሃል ይጋፋሉ። የልጅ ልጄ ሜሮን ደግሞ ስልኳን ይዛ እኔ በተወለድኩበት ወር በዓለም ላይ ምን ምን እንደተደረገ ታነብልኛለች። በዚያ ታኅሣሥ የእንግሊዝ ንጉሥ ለወደዳት ሴት ሲል ዙፋኑን ለቋል። የቻይናን መሪ የገዛ ጄኔራሉ ይዞ አስሮታል። ስፔኖች እርስ በርስ ይተላለቁ ነበር። ከዚያ ወደ ልደቶቹ አለፈች፦ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ኋላ የካቶሊኮች ሁሉ አባት የሆነ ልጅ ተወልዷል፤ ኋላ የአንድ ሙስሊም ወገን መሪ የሆነ ልዑልም ተወልዷል፤ አሜሪካኖችን ስታስቅ የኖረች ተዋናይትም እንዲሁ። "አያቴ፣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ነው የተወለድሽው" አለችኝ ደስ ብሏት። እኔ ግን የኖራው ሽታና የታኅሣሥ ስም አንድ ላይ ሲመጡብኝ አማ ሸምሲያ ትዝ አለችኝ፣ ትዝ ስትለኝ ደግሞ ያ የድሮ ንዴቴ ተነሣብኝ።

አማ በሀዲይኛም በከምባትኛም እናት ማለት ነው። አማ ሸምሲያ የዳምቦያ ሙስሊም ነጋዴ ልጅ ነበረች፤ ለባል ወደ ሆሳዕና መጥታ፣ ባሏ ሲሞትባት እዚያው ቀረች፤ ከእኛ ቤት የሚለያት አንድ የቁልቋል አጥር ብቻ ነበር። አዋላጅ ነበረች። ረጅም፣ ደረቅ ያለች፣ ሻሿን ግንባሯ ላይ ጥብቅ አድርጋ የምታስር ሴት ነች፤ ስትቀርብህ ቅቤና ጥቁር አዝሙድ ትሸታለች። ምላጯን በቀይ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ጣልያን ጥሎት በሄደ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጠው ነበር። እኛ ልጆች ያን ቆርቆሮ እንኳን ልንከፍተው፣ አጠገቡም አንደርስም። አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው፤ ቢሆንም የፈለገችውን ሳትናገር የቀረችበትን ቀን አላስታውስም።

በዚያ ዘመን በእኛ አገር የልደት ቀን ብሎ ነገር አይታወቅም። ልጅ የሚቆጠረው በሆነ ነገር ነው፦ ፈንጣጣው የገባ ጊዜ፣ ወንዙ ድልድዩን የወሰደ ክረምት፣ የእገሌ ሠርግ ሰሞን። ታዲያ ይህን ሁሉ በቃሏ የምትይዘው ያዋለደችው ሴት ነበረች። ልጅ ለትምህርት ቤት ሲመዘገብ፣ ወንድ ለጋብቻ ሲታጭ፣ ሁለት ጎረምሶች እኔ እበልጥ እኔ እበልጥ ሲባባሉ ወደ አማ ሸምሲያ ይኬዳል። እሷም አንድ እምነት ነበራት፦ የልጅን ዕድሜ የዋሸ ሰው የልጁን ዕድሜ ያሳጥርበታል። ይህን በምጥ ላሉ ሴቶች ሁሉ፣ ጉልበታቸውን ይዛ ትነግራቸዋለች። ያን ሰምታ ስለ ልጇ ዕድሜ የምትዋሽ እናት አልነበረችም።

እኔ በተወለድኩበት ወር ጣልያን ሆሳዕና ከገባ ገና ጥቂት ጊዜው ነበር። መሣሪያ የደበቀ ይሰቀላል ተብሎ ተለፍፏል። አባቴ ሄሊሶ ጠመንጃውን ከጓሮ እንሰት ሥር ቀብሮት ነበር። ጉድጓዱን አብሮት የቆፈረው ኤርሲዶ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት የበላ፣ ላም በጋራ የሚያረባ፣ ከወንድም የማይለይ ጓደኛው። አንድ ጠዋት የኤርሲዶን ሚስት ምጥ ያዛትና አማ ሸምሲያ ተጠራች። ልጁ ተገላብጦ ነበር የመጣው። እሷ እጇን ከሴትዮዋ ሆድ ላይ ሳታነሣ፣ ከቀርከሃው ግርዶሽ ወዲያ ኤርሲዶ ለጣልያኑ አስተርጓሚ የእንሰቱን ረድፍ ሲያመለክተው ሰማች። ምጥ ላይ ያለችውም ሴት ሰማች። አማ ሸምሲያ ሮጣ አባቴን ብታስመልጥ እናትና ልጅ ይሞታሉ፤ ብትቀር ሄሊሶ ይሞታል። ቀረች። ልጁን አቅንታ አዋልዳ፣ እትብቱን ቆርጣ፣ እጇን እንኳን ሳትታጠብ ስትደርስ የእኛ ጓሮ ተቆፍሮ አባቴ ተወስዷል። በገበያ ቀን ሰው ሁሉ እያየ ሰቀሉት። በዚያው ሳምንት እናቴ እኔን ወለደች። ያዋለደችኝም አማ ሸምሲያ ነች።

ነጻነት መጣ ተባለ። ለማን እንደመጣ እንጃ። ኤርሲዶ አረፍ አላለም፤ የጣልያን ኮቱን አውልቆ ካፖርት ደረበና ብዙም ሳይቆይ ጭቃ ሹም ተደርጎ ተሾመ። የጋራዋ ላም እሱ ጋ ቀረች፣ የአባቴም እንሰት ድንበሩ እየተገፋ ወደሱ ዞረ። እናቴ ሲያልፍ ጎንበስ ብላ እጅ ትነሣዋለች፤ ምን ታድርግ። አማ ሸምሲያ ግን ጎንበስ አላለችም። ማንንም አልከሰሰችም፣ ማንንም አልሰደበችም። እናቶች መጥተው ልጄ መቼ ነው የተወለደው ሲሏት ብቻ፣ ኤርሲዶ ሄሊሶን ለጣልያን በሰጠበት ወር ትላለች፤ ወይም ከዚያ በፊት በነበረው መስቀል፣ ወይም ከዚያ በኋላ በመጣው በልግ። ሌላ አትጨምርም። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ከሆሳዕና እስከ ዳምቦያ ያለ ሰው ዕድሜውን በዚህ ይቆጥር ጀመር። ኤርሲዶ ገበያ መሃል ሲያልፍ አንዲት እንሰት የምትሸጥ ሴት ለጓደኛዋ የልጇን ዕድሜ ስትነግር ይሰማል። ሲሰማ ፊቱ የሚሆነውን አይቻለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ልጅ ብሆንም በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ስሜን አጠፋች ብሎ አጥቢያ ዳኛ ዘንድ አቆማት። ዳኛው ምን ትመልሻለሽ ሲላት፣ እኔ ሴቶች ዕድሜ ይጠይቁኛል፣ እነግራቸዋለሁ፣ ሌላ ሥራ የለኝም አለች። የዳኛውም ሁለት ልጆች በእጇ ነው የተወለዱት፤ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አሰናበታት። ቀጥሎ ሽማግሌ ላከባት። ሽማግሌዎቹ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እያሉ ግማሽ ቀን ለመኗት። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እሰማ ነበር። እሷ እስኪጨርሱ ጠብቃ እንዲህ አለቻቸው፦

"እሱ ይምጣ። የሄሊሶ ልጅ ፊት ቁሞ እኔ ነኝ ይበል። አንድ ጊዜ ይበል። ያን ዕለት ለወሩ ሌላ ስም እፈልግለታለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ይህ ጥቂት ነው፣ ቀላል ነው ብለው ሄዱ። ለኤርሲዶ ግን ከሞት የከበደ ነገር ሆነበት። አልመጣም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ ይሄኛው ወጊ ግን እኛም እንድንረሳለት ፈለገ።

በኋላ ግን አንድ ዘዴ መጣለት። ሰዉ ወሩን የሚጠራበት ሌላ ነገር ካገኘ የእሱ ነገር ይረሳል ብሎ አሰበ። የትምህርት ቤታችንን የፊት ግድግዳ በራሱ ወጪ ኖራ አስቀባው። ሦስት ቀን ሙሉ ያ ሽታ ክፍላችን ውስጥ እየገባ ያስነጥሰን ነበር። ከዚያ መምህራችንን፣ ሚስዮን ዘንድ ያደገ የዋህ ጴንጤ ነበር፣ አንድ የእንግሊዝኛ የዓመት መጽሐፍ አስፈልጎ በዚያ ታኅሣሥ በዓለም የተደረገውን በትልልቅ ፊደል በከሰል ጥቁር እንዲጽፍ አደረገው። ከላይ "ታላላቅ ድርጊቶች" ይላል፦ የእንግሊዙ ንጉሥ፣ የቻይናው መሪ፣ የስፔኑ ጦርነት። ከሥሩ "ታላላቅ ልደቶች" ይላል። መምህሩ ልደቱ ጋ ተቸገረ። በዚያ ወር የተወለደ ሰው ገና ልጅ ነው፣ ታላቅነቱ ከየት ይምጣ። ኤርሲዶ ግን አልተቸገረም። የኔ ልጅ አለ አይደል አለና "ሀንዲሶ ኤርሲዶ ተወለደ" ብሎ አስጻፈ። ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር አንድ ግድግዳ ላይ።

እኔም በዚያው ወር ተወልጃለሁ። ክፍል ውስጥ ከሀንዲሶ ጎን ነበር የምቀመጠው። ያን ጽሑፍ ሳይ እንባዬ መጣ፣ የሐዘን አልነበረም። ከሰል ይዤ የአባቴን ስም እላዩ ላይ ልጽፍበት ፈለግሁ። ወደ አማ ሸምሲያ ሮጬ ስነግራት መጥታ ግድግዳው ፊት ቆመችና አንብቢልኝ አለችኝ። አነበብኩላት። የቻይናው ጋ ስደርስ አስቆመችኝና፣ የገዛ ሰውየው ነው ያሳሰረው አልሽኝ፣ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ለብቻዋ ሳቀች፤ በዚያ ወር እንዲህ ያሉ እዚያም ነበሩ ለካ አለች። ሀንዲሶ ጋ ስደርስ ግን አልሳቀችም።

"አንቺ ዝም በይ" አለችኝ። "አንቺ ብትናገሪው የቂም ነው ይሉሻል። ተያቸው። እኔ ያዋለድኩት ይናገረዋል።"

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ግድግዳው ሲመረቅ የአውራጃው ገዥ መጣ። በጠላት ዘመን ጫካ ገብቶ የነበረ፣ ግራ እጁን ጥይት ያኮማተረው ሰው ነው። ኤርሲዶ በሬ ጥሏል፤ ሴቶቹ ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራውን የክብር ምግባችንን፣ አታካናውን፣ በትልቅ ገበታ አቅርበዋል። ገዥው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበ። መጨረሻ ላይ ሲደርስ ፈገግ አለና ይሄ ሀንዲሶ የሚባለው ታላቅ ሰው የት አለ አለ። ሰዉ ሳቀ፣ ኤርሲዶም ደስ ብሎት ልጁን ወደፊት ገፋው። ሀንዲሶ ቀጭን፣ ዓይን አፋር፣ ለጨዋታ እንኳን መዋሸት የማይችል ልጅ ነበር። ገዥው ትከሻውን ይዞ እየቀለደ፣ በዚህ ወር መወለድህን በምን አወቅህ አለው።

"እናቴ ነግራኛለች።"

"ምን ብላ?"

"አባትህ ሄሊሶን ለጣልያን በሰጠበት ጠዋት ነው የተወለድከው ብላ።"

ልጁ በድፍረት አልነበረም የተናገረው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ዕድሜው ይኸው ነው፤ አባቱ ፊት የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ብቻ ኤርሲዶ ሰምቶት አያውቅም። ገዥው ሄሊሶ ማነው አለ። ሀንዲሶ ወደ እኔ ጠቆመና የሷ አባት ነው፣ ተሰቅሏል አለ። ተነሥቼ ቆምኩ። ማንም ተነሺ አላለኝም፤ እግሬ ነው ያስነሣኝ። ገዥው እኔን አየኝ፣ ቀጥሎ ከሴቶቹ መሃል ወደ ቆመችው የሀንዲሶ እናት ዞረ። የቦኖሻ አገር ልጅ ነች፣ ባሏ ፊት ድምፅዋ የማይሰማ ሴት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ የልጅ ዕድሜ አይዋሽም ጌታዬ አለች። ገዥው ከአታካናው አንዲት ጉርሻ ሳይቀምስ፣ እጁን እንኳን ሳይታጠብ በቅሎውን አስመጥቶ ሄደ።

እሰይ አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ እናቴ አፌን እስክትይዘኝ ድረስ። የቀረበውን የበላ ሰው አልነበረም፤ ውሾች ናቸው የበሉት።

ብዙም ሳይቆይ ጭቃ ሹምነቱ ለሌላ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የተጠራ ሰው ሁሉ ልጄን አሞታል፣ ከብት ጠፍቶብኛል እያለ ይቀር ነበር። ግን አልታሰረም። እኔ እንዲታሰር ብቻም አልነበረም የምፈልገው፤ እንደ አባቴ ገበያ መሃል እንዲሰቀል ነበር የምፈልገው። ዛሬም ይህን በማለቴ አላፍርም። ይህን አንድ ቀን ለአማ ሸምሲያ ሄጄ ስነግራት ቆርቆሮዋን ከፍታ ምላጯን በአመድ ትወለውል ነበር።

"የተሰቀለ ባንዴ ያርፋል" አለችኝ። "ይሄ ግን የልጅ ዕድሜ በተጠየቀ ቁጥር ይሰቀላል።"

እንዳለችውም ሆነ። ኤርሲዶ ከዚያ በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖረ፤ ረጅም ዕድሜ እንዲኖር የጸለይኩለት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የዝናብ ውኃ ግድግዳውን አጥቦ ንጉሡንም ጦርነቱንም አወረደው። በእንግሊዙ ንጉሥ ወር ተወለድኩ የሚል አንድ ሰው አልሰማሁም። አማ ሸምሲያ ስትሞት ቆርቆሮውን ለእኔ ተወችልኝ፤ ምላጩ ዝጓል፣ ጨርቁ ግን አሁንም ቀይ ነው።

ሀንዲሶ የኖራ ብሩሹን አስቀምጦ፣ እጁን በሽርጡ ጠርጎ ሻይ አመጣልን። እሱም እንደ እኔ አርጅቷል። ሜሮን ስልኳን እንደያዘች፣ አባባ ሀንዲሶ እርስዎስ መቼ ነው የተወለዱት አለችው። እኔን አየኝ። እኔም አየሁት። ስንት ዘመን አብረን ስንኖር ይህን ጥያቄ አንድም ቀን ሸሽቶት አያውቅም።

"አባቴ የዚችን አባት ለጣልያን በሰጠበት ጠዋት ነው" አላት፣ ብርጭቆውን ፊቷ እያስቀመጠ። "እሷ በዚያው ሳምንት ተከተለችኝ።"

ሜሮን ደነገጠች። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሁለታችንንም በየተራ አየችን። እዚያ ያነበብሽልኝ ላይ ይሄ የለም አይደል አልኳት። የለም አለች። እንግዲያው ከታች ጨምሪበት አልኳት። እንዴት ሆኖ፣ የእርሳቸው አባት አይደሉም እንዴ አለች በዝግታ፣ ወደ ሀንዲሶ እያየች። ሀንዲሶ ብሩሹን አንሥቶ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ጻፊው ልጄ፣ እናቴ ያለችው ነው አላት ሳይዞር።

ስልኳን አነሣች። እኔም ሻዬን ፉት አልኩና፣ ኤርሲዶ ብለሽ ጻፊ፣ ከነስሙ፣ አልኳት።