የአቶ ወልደ ሰንበት ወይንና መጋረጃው

ከጣልያን ወረራ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ፣ ሆሳዕና ላይ ጨው የሚነግዱ አቶ ወልደ ሰንበት የሚባሉ ሰው ነበሩ። ክረምት በጠና ጊዜ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ጭቃ ይሆንና ለቅዳሴ የሚሆነው ዘቢብ ይጠፋል። አንድ ዓመት በዚሁ ሳቢያ የማርያም ቅዳሴ ሲቀር እጅግ አዘኑና «እመቤቴ፣ ከጓሮዬ ወይን አብቅዬ ዘቢቡን አስገባልሻለሁ» ብለው ተሳሉ።

የሆሳዕና ብርድ ግን ለወይን አይመችም። ምን ይደረግ? ከቤታቸው የምሥራቅ ግድግዳ ጋር የተደገፈ፣ ጣሪያውም ፊቱም መስታወት የሆነ ዳስ አሠሩ። ከአንጋጫ የሚመጣ ገበያተኛ ሁሉ ቆሞ ያየው ጀመር። ይህን አልወደዱትም። ለመቅደስ የታሰበ ነገር የመንገደኛ ዐይን አይረፍበት ብለው ከውስጥ በኩል ወፍራም አቡጀዲ ጋረዱበት።

ወይኑ ገረጣ። «ብርዱ ነው» አሉና ሌላ አቡጀዲ ደረቡ። ባሰበት።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርትሁን ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም። «ጌታዬ፣ ይኼ ወይን ነው ወይስ ሙሽራ? ዓይነ ርግብ አልብሰው አፈኑት እኮ!»

«አንቺ፣ በስለቴ አትቀልጂ።»

አንድ ማለዳ አቶ ወልደ ሰንበት ገብተው ሲያዩ የቤታቸው ድመት መጋረጃውን በጥፍሯ ቀዳዋለች። በቀዳዳው የገባው ብርሃን ከኋላው ግድግዳ ላይ መዳፍ አክሎ አርፏል። ወይኑ ደግሞ ከታሰረበት እንጨት ተላቆ አንገቱን ወደ ቀዳዳው አስግጓል።

«እየለመነኝ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ቢሆንም መጋረጃውን መግፈፉን ፈሩ። ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ መምሬ ተክለ ሃይማኖት ሄዱ። መምሬ ሳቁ። «ልጄ፣ ገና ቅጠል ነው እኮ! መቅደስ ሲገባ እኛው እንጋርደዋለን።»

ተመልሰው አቡጀዲውን ገፈፉት። ወይዘሮ ዘርትሁንም ለዘመን መለወጫ ቤት የሚለቀልቁበትን ነጭ አፈር በጥብጠው የኋላውን ግድግዳ አነጡት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ብርሃኑ መጀመሪያ የግድግዳው አናት ላይ ያርፋል፤ ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር እየወረደ መሬቱን ያለብሳል፤ ከነጩ ግድግዳ የተመለሰው ደግሞ የቅጠሎቹን ጀርባ ያበራል። አቶ ወልደ ሰንበት በርጩማ አስገብተው ያንን ማየት ልማድ አደረጉ። ጨው ገዢ ቢጠራቸው እንኳ «ቆይ፣ ገና ወገቡ ጋ ነው» ይሉ ነበር።

ወይኑ ሲያፈራ ዘለላውን እዚያው ዳስ ውስጥ አደረቁት። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወስዱት ሲነሡ ወይዘሮ ዘርትሁን ያንን አቡጀዲ አጥበው፣ የድመቷን ቀዳዳ ጠቅመው አመጡና ዘቢቡ ላይ ጣል አደረጉት።

«እንግዲህ አሁን ይሸፈን፣ ጌታዬ።»