ከነምራቂው ዘጠኝ

ፈጣሪ ትዕግሥት ሲያድል ለእኔ ቁንጥር ታህል ነው የሰጠኝ። ቢቸና ላይ የእህል ሱቅ ነበረኝ፤ ጤፍ፣ ባቄላና ሽንብራ እየሰፈርኩ እሸጣለሁ። ከገበሬ ጋር ስከራከር ድምፄ እስከ መናኸሪያ ይሰማል እያለ ባለቤቴ ይቀልድብኛል። በጸጥታ ችግር ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሴት ልጄ አንደኛ ክፍል ሳትገባ ቤት ስትቀር፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ መምህርቷ እኔው ሆንኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ባይነሣ ይሻላል። ሱቁ ጥግ በርጩማ አስቀምጬ፣ ካርቶን ላይ ፊደል ጽፌ፣ "በይ ተከተይኝ" አልኳት። ሀ ሁ ላይ ደኅና ነበርን። ጸ ዘንድ ስንደርስ እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ይታዘበናል። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ሌላው ካርቶን ውስጥ ቁጭ ብሎ መኪና ይነዳል። በመጨረሻ ፊደሉን ቀድጄ ጣልኩትና "ሂዱ ተጫወቱ! ከዓይኔ ጥፉ!" አልኳቸው።

ሄደው ተጫወቱ። የተጫወቱት ግን ሱቅ ሱቅ ነበር። ከመሬት የተበተነውን ባቄላ ለቅመው፣ በቆርቆሮ ክዳን ላይ እየቆጠሩ ይገበያያሉ። እሷ ነጋዴ፣ እሱ ገበያተኛ። "ጨምሪልኝ እንጂ!" ይላል፤ "ከየት አባቴ አምጥቼ!" ትላለች፤ የእኔው አነጋገር፣ የእኔው ቁጣ። ጆሮዬን ጣል አድርጌ ስሰማ ትደምራለች፣ ትቀንሳለች፣ ሲያጭበረብራት ትይዘዋለች። ከዚያ ወዲያ በርጩማውን መለስኩና ጨዋታው ውስጥ ገባሁ። ገዢ ሆኜ "አራት ስጪኝ፣ ኧረ ሁለት ድገሚኝ" እያልኩ እጨቃጨቃታለሁ። ጓሮ የገበጣ ጉድጓድ ቆፈርኩላቸው። ንባቡን ደግሞ በበራችን ከሚያልፉት ባጃጆች ጀርባ ላይ አገኘነው፤ የተጻፈውን ቀድሞ ያነበበ ያሸንፋል ተባባልን። ባጃጅ ቆሞ አይጠብቅም፣ ፈጥኖ ማንበብ ግድ ነው። ከተማው በተረበሸ ቀን የሱቁን በር ዘግተን ውስጥ እንጫወታለን። የውጪው ድምፅ እንዳይሰማቸው እኔ ከወትሮው ይልቅ ጮክ ብዬ እከራከራለሁ።

ልቤ ግን አላረፈም። ሌሎች ወላጆች አስጠኚ ፈልገው ሲያስተምሩ እኔ ባቄላ ሳስቆጥር ልጄን ደንቆሮ አድርጌ ላስቀራት ነው ብዬ እፈራ ነበር።

ባለቤቴ የጤና ባለሙያ ነው። ወደ ሞጣ ሲዛወር ሱቁን ዘግተን ተከተልነው። እዚያ ትምህርት ተጀምሮ ስለነበር ሁለቱንም ይዤ ለማስመዝገብ ሄድኩ። ርእሰ መምህሩ ትንሹን ያለ ምንም ጥያቄ አንደኛ ክፍል አስገቡት። እሷ ግን እኩዮቿ ሁለተኛ ክፍል ናቸው፤ መማሯን የሚያሳይ ማስረጃ ደግሞ የላትም። "የሁለተኛ ክፍል መምህርቷ ይጠይቋት፤ ካልቻለች ከወንድሟ ጋር አንደኛ ትገባለች" አሉኝ።

ልጄ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘች። "እማ፣ ከሱ ጋር ካስቀመጡኝ አልማርም። ይስቅብኛል።"

እሱ ከአሁኑ መሳቅ ጀምሮ ነበር።

መምህርቷ እርጋታቸው የሚያስቀና እናት ናቸው። መጽሐፍ ገልጠው አስነበቧት፤ ገጹ የሚያመልጣት ይመስል በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። ነፍሴ መለስ አለች። ቀጠሉና፣ "አምስት ሎሚ ገዛሽ እንበል። ከዚያ ሦስት ጨምረሽ ገዛሽ። ስንት ሎሚ ይዘሽ ትሄጃለሽ?" አሏት።

"ዘጠኝ።"

መምህርቷ ሌላ ጠየቁ። "አሥር ሎሚ ነበረሽ፤ አራት ሸጥሽ። ስንት ቀረሽ?"

"አምስት" አለች፣ ያውም ኮራ ብላ።

"ኧረ ልጄ፣ በወጉ ቁጠሪ እንጂ!" ብዬ ጮህኩ። መምህርቷ በእጃቸው ምልክት ዝም አሰኙኝና ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። "ዘጠኝ እንዴት ሆነ፣ የኔ ልጅ?"

ልጄን ጥያቄው ገረማት። "ስምንቱ የገዛሁት ነው፣ አንዱ ምራቂ ነዋ! ስሸጥም አንድ እመርቃለሁ። ካልመረቁለት ደንበኛ ተመልሶ አይመጣም።"

መምህርቷ ከት ብለው ሳቁ። እኔ ግን ለመሳቅም አቅም አጣሁ። እኔ ራሴ ባቄላዋን ስገዛት ምራቂዬን ሳልቀበል ሄጄ አላውቅም።

"እሺ፣ ሻጩም ገዢውም ቆንቋና ናቸው እንበል፤ ምራቂ የለም። አሁንስ?"

"ስምንት። ያኛው ደግሞ ስድስት።"

ሌላም ጠየቋት፣ ሌላም፤ ሁሉንም መለሰች። በቆንቋናዎች አገር ሒሳብ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ሳይደንቃት አልቀረም። መምህርቷ ብዕራቸውን አነሡና "ሁለተኛ ክፍል" አሉ። ተቀመጪ ሳልባል አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ።

መምህርቷ ልጄን ወደ ክፍሏ ሊወስዱ እጇን ይዘው ሲነሡ፣ "ለመሆኑ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ ማን አስተማረሽ?" አሏት።

እኔ ምስጋናዬን ልቀበል አንገቴን ቀና አደረግሁ።

"ማንም" አለች። "ትምህርትማ አልነበረም። ከእማ ጋር ስንጫወት ነው የከረምነው።"

ልፋቴን ውሃ በላው ብዬ መቆጣት ይገባኝ ነበር፤ ለቁጣ ደግሞ ሰንፌ አላውቅም። ነገር ግን ያን ሁሉ ክፉ ጊዜ ልጄ ጨዋታ ብላ ስትጠራው ስሰማ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

"እውነቷን ነው" አልኳቸው። "ስንጫወት ነው የከረምነው።"