የአዛውንቱን ቃል ሳስተረጉም

ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ በአስተርጓሚነት ስሠራ ስምንት ዓመት አልፎኛል። የሥራው ደንብ ቀላል ነው፤ ታካሚው «እኔ» ካለ አንቺም «እኔ» ትያለሽ። «እሳቸው እንዲህ አሉ» ማለት የለም።

ባለፈው ጥቅምት አንድ አዛውንት ከታኮማ ፓርክ በአውቶቡስ መጡ። እንቅልፍ እምቢ ብሏቸዋል። ሐኪሟ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ወታደር ሳለሁ ነው የጀመረኝ» አሉ። «ፈንጂ ቀባሪ ነበርኩ። ሰው ውኃ ሊቀዳ በሚወርድበት መንገድ ላይ ሳይቀር ቀብሬያለሁ።»

እኔ የግራ እግሬን ያጣሁት በሰባት ዓመቴ፣ ውኃ ልቀዳ ስወርድ ነው። ከጉልበቴ በታች ያለው ሰው ሠራሽ ነው። ሐኪሟ ዓይን ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች። «ፈንጂ ቀባሪ ነበርኩ» አልኳት በእንግሊዝኛ፤ የቀረውንም ቃል ሳልዘል ነገርኳት።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አረማመዴን አይተዋል።

«ልጄ፣ እግርሽን ምን ሆነሽ ነው?»

ለብዙ ሰው የመኪና አደጋ ነው እላለሁ። «ፈንጂ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

ግድግዳውን ተደገፉ። «የት?» አሉኝ።

አልነገርኳቸውም። እሳቸው ያልደረሱበት ቦታ ከሆነ እፎይ ይላሉ፤ የደረሱበት ከሆነ ደግሞ እኔ ምን እንደምሆን አላውቅም። «ይቅርብዎ» አልኩ። ጎንበስ ብለው ጫማዬን ሊይዙ ሲሉ ትከሻቸውን ያዝኩ። አጥንት ብቻ ናቸው።

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። አፌ የለመደው ቃል ነው እንጂ ከልቤ አልነበረም። ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ ያለው ቤቴ እስክደርስ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። በሳቸውም በራሴም ተናድጄ ነበር።

ለሚቀጥለው አፖይንትመንት ሌላ አስተርጓሚ እንዲመደብ መጠየቅ መብቴ ነው። የአስተርጓሚዎቹን አስተባባሪ ኮል ላደርግ ስልኬን አነሳሁ። ሽማግሌው ያንን ሁሉ ለማያውቁት ሰው እንደገና ከሀ ጀምረው ሲናገሩ ታየኝና ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ ሐኪሟ ዘንድ አብረን ገብተናል። ንዴቴ ጨርሶ አልጠፋም፤ ጠዋት እግሬን ስገጥም አንዳንዴ ይመጣል። ሲመጣ ግን የሳቸውን ፊት ይዞ አይመጣም። ባለፈው ሳምንት በረዶ ጥሎ አውቶቡስ ሲጠፋ፣ ደንቡ ባይፈቅድም፣ በመኪናዬ አደረስኳቸው። ደጃፋቸው ያንሸራትት ስለነበር ክንዴን ያዙ፤ እኔም ደግፌያቸው እስከ በሩ ሄድን።