የስብ ሴል

እናቴ ወፍራም ነበረች። ጤፍ ከቀበሌ በራሽን በሚታደልበት በደርግ ዘመን፣ ልደታ ውስጥ መወፈር ያሳማ ነበር። «ደብቃ ነው እንጂ ከየት አምጥታ?» ይላሉ ሰልፍ ላይ፣ እሷ እየሰማች። የምትበላው ግን ከእኔም ያነሰ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ እማር ስለነበር ነገሩ ከነከነኝ፤ ስለ ስብ ሴሎች ያገኘሁትን ሁሉ በአንድ ደብተር መጻፍ ጀመርኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አብዮት ጠባቂዎች ለአሰሳ መጡ። የተደበቀ እህል ፍለጋ አልጋ ገለበጡ፣ ሣጥን በረበሩ። እህል አላገኙም። ደብተሬን አገኙ።

ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት አብሯቸው የመጣው ካድሬ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ገጹን ሲገልጥ ፊቱ ተለወጠ። የሳልኳቸው ክቦች፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄዱ ቀስቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ሴል» የሚለው ቃል። ያን ጊዜ ሴል ማለት በኅቡዕ የሚሠራ ድርጅት አባላት ቡድን ነው። በዚያ ቃል ሰበብ ተወስደው ያልተመለሱ የሰፈራችን ልጆች ነበሩ።

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወሰዱኝ። እናቴ በነጠላ ጫማ እየሮጠች ተከተለችን።

«ሊዩሲን ማነው?» አለኝ ካድሬው፣ ከደብተሩ ላይ እያነበበ።

«ሰው አይደለም ጓድ። አሚኖ አሲድ ነው።»

«ቫሊን ደግሞ? የኅቡዕ ስማቸው ነው፣ አይደል?»

«የበላነው ፕሮቲን ሲፈጭ የሚወጡ ቅንጣቶች ናቸው። ከሥጋም ከምስርም ይገኛሉ። የስብ ሴል ይወስዳቸውና ከፊሉን ያቃጥላል፣ ከፊሉን ወደ ስብ ይለውጣል። እኩል በልተን እኩል የማንወፍረው ምናልባት ይሄ ሥራ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ይሆናል። ገና አላወቅንም።»

«አላወቅንም? እናንተ እነማን ናችሁ?»

በገዛ አፌ ራሴን አሳልፌ የሰጠሁ መሰለኝ። በሩ ላይ የቆመችውን እናቴን ቀና ብዬ ለማየት እንኳ ፈራሁ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ከአብዮቱ በፊት አብነት አካባቢ ልብስ ሰፊ የነበሩ ሰው ናቸው። ከካድሬው አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

«ጓድ» አሉ፣ «የእኚህን ሴትዮ ቀሚስ ስሰፋ የኖርኩት እኔ ነኝ። ወገባቸውን በሜትር ለክቼዋለሁ፤ በንጉሡም ጊዜ እንዲሁ ነበሩ። ልጅቷም የጻፈችው ትምህርቷን ነው። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።»



ካድሬው እኔንና ሊቀመንበሩን እያፈራረቀ አየን። ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ «ሂጂ። ስትፈለጊ ትጠሪያለሽ» አለኝ።

አልተጠራሁም። ግን ለወራት መኪና ደጃችን በቆመ ቁጥር እናቴም እኔም ትንፋሻችንን እንውጥ ነበር። ምግብ አልወርድላት አለ፤ ከሳች።

እኔ በተለቀቅኩ በሳምንቱ ሊቀመንበሩን ልታመሰግን ቤታቸው ሄዳ ነበር። ወደ ውስጥ አላስገቧትም። ግራ ቀኝ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እትዬ፣ እባክዎ፣ ከእንግዲህ እኔ ጋ አይምጡ። እኔም ልጆች አሉኝ» አሏት።