የባንታምላክ ሁለተኛ ሞተር

ሱዳን፣ ዶካ ገበያ፣ ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ጥላ ሥር፣ ሞተረኞች ተደርድረው ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። ከእነሱ መካከል ጨዋታው ሲደራ አንገቱን የሚደፋው ሰው ባንታምላክ ነው። የድሮውን ባንታምላክ ላላወቀ ኩሩ ይመስላል። ኩራት እንኳ አልፈጠረበትም። ድሮ ያንን ጥላ በሳቅ የሚያደምቀው እሱ ነበር፤ ዝም ያለው ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ነው።

የተወለደው መተማ ቆላ፣ ከኮኪት ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከእኩዮቹ ጋር ድንበር ተሻግሮ ሰሊጥ ሊያርም መጣ። ሐሳቡ አንድ ክረምት ሠርቶ፣ ሁለት በሬ ገዝቶ መመለስ ነበር። አንዱ ክረምት ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አምስት፤ በሬዎቹም ሳይገዙ ቀሩ። በሰው ማሳ ወገቡን ሲያጎብጥ ከኖረ በኋላ አንዲት ባለ መቶ ሲሲ ሞተር ገዛ። ከእሱ በፊት ሦስት ጌታ ያየች፣ ቀለሟ ምን እንደነበር የማይታወቅ፣ አንድ መስታወቷ የወለቀ ሞተር ነበረች። መንዳት የተማረው በእሷ ላይ ወድቆ እየተነሣ ነው። ፍሪሲዮኑን በችኮላ ሲለቀው እሷ ወደ ፊት ትዘላለች፣ እሱ ኋላ ይቀራል፤ የካምቦው ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ይመለከተዋል። ካምቦ የሚሉት የቀን ሠራተኞች የሚኖሩበትን የጎጆ መንደር ነው። የእነ ባንታምላክ ካምቦ ከአስፋልቱ ታጥፎ በጥርጊያ መንገድ የሚገባበት ሲሆን፣ ማሽላው ሲያድግ እስከ ጎጆዎቹ ጓሮ ይደርሳል።

ወዲያ ማዶ፣ መተማ በኩል ተኩሱ ሲበዛ እናቱ ዙፋን በጎረቤት እጅ እየተመራች ድንበሩ ላይ ያለችው ገላባት ደረሰች። ሁለቱም ዓይኗ ጠፍቶ ነበር። ባንታምላክ በዚያች ሞተር ሄዶ ተቀበላት። ሞተሯ ዝቅ ያለች ስለሆነች ዙፋን ያለ ደጋፊ ኋላው ወጣች። ወገቡን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ጉንጯን ጀርባው ላይ ለጥፋ፣ እስከ ዶካ ስታወራው መጣች። ስትወርድ መቀመጫውን እየዳበሰች "እግዚአብሔር ያክብርሽ፤ ልጄን አደራ" አለቻት። ሰዎች ሞተር ሲመረቅ አይተው አያውቁም ነበርና ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ዙፋን የልጇን መምጣት የምታውቀው በጆሮዋ ሆነ። የሞተሯ የጭስ ማውጫ ማርሚታ ተሰንጥቆ ድምፅዋ ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ነበር። ባንታምላክ ሊያስበይደው ቢነሣ የከለከለችው እናቱ ናት። ሞተሯ ገና ከአስፋልቱ ስትታጠፍ ትሰማትና "መጣ" ትላለች። ጎረቤቷ ሸዋረጋ ጆሮዋን ብትቀስር ምንም የለም። ዙፋን ውሃውን ቀድታ፣ ምግቡን አቅርባ ስትጨርስ ሞተሯ እየተንተከተከች ደጃፍ ትቆማለች። ሸዋረጋም ሁልጊዜ እንደ አዲስ ትገረማለች።

"እትየ ዙፋን፣ ይኼ ጆሮ ነው ወይስ ስልክ?" ትላታለች።

አምና በመንገዱ ላይ ክፉ ነገር መጣ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች በሞተር እየመጡ ከማሳ ዳር ሰው ያፍኑ ጀመር። ወስደው፣ ቤተ ዘመዱን አስጨንቀው ገንዘብ ያስልካሉ። ባንታምላክ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነው፤ ዓይን የሌላትን እናቱን ጎጆ ውስጥ ትቶ መዋሉ እንቅልፍ ነሣው። አንድ ቀን እጇን ይዞ ወደ ጓሮው ማሽላ ወሰዳት።

"የማታውቂው ሞተር ከሰማሽ እዚህ ግቢ" አላት። "በሆድሽ ተኚ። በስምሽ ቢጠሩሽም ትንፍሽ እንዳትይ፤ እነሱ ስም ጠይቀው ነው የሚመጡት።"

"አንተ ብትሆንስ?"

"የእኔዋንማ ታውቂያታለሽ።"

አስተኛት፣ አስነሣት፣ እንደገና አስተኛት። "በስተርጅናየ ወታደር አደረግኸኝ" እያለች ሳቀች። ቢሆንም ነገሩን ያዘችው፤ ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሞተር በመጣ ቁጥር በትሯን ይዛ ወደ ማሽላው ስትገባ ሸዋረጋ ብዙ ጊዜ አይታለች።

እንግዲህ ወደ አዲሱ ሞተር እንምጣ። ጦርነቱ ከካርቱም ሰው ወደ ምሥራቅ ካፈለሰ በኋላ ለሞተረኛ ሥራ በዛ፤ ሥራው ግን የሩቅ ነው። ፋው አድርሰኝ ይላል አንዱ፣ ቱነይድባ መጠለያ ዘመድ አለኝ ይላል ሌላው። መቶ ሲሲዋ ሁለት ሰው ከነጓዙ ጭና ረጅም መንገድ ስትሄድ ግላ መሐል ሜዳ ላይ ትቆማለች። ተሳፋሪው ይኼን አውቆ ባንታምላክን እያለፈ ወደ ትልልቆቹ ሞተሮች ይሄዳል። ይኼ አንዱ ምክንያት ነው፤ ለሰው የሚናገረውም እሱን ነው። ሌላው ምክንያት አዲሱን ሞተር መውደዱ ነው። ሰው አሥራ አምስት ዓመት ለፍቶ አንድ ነገር ቢወድ እኔ ኃጢአት አልለውም።

ያየው ገዳሪፍ ከተማ፣ የጀማሉ ሱቅ ደጃፍ ነው። ጀማሉ ገዳሪፍ የከረመ የእኛው ሀገር ነጋዴ ነው፤ ገበያተኛን በዓይኑ ይመዝናል። ሞተሩ ባለ ሁለት መቶ ሃምሳ ሲሲ፣ ጥቁር፣ ጎማው ሰፊ ነበር። በእግር እየረገጡ መታገል የለም፣ በአውራ ጣት ነካ ሲያደርጉት ይነሣል።

"ቁጭ በልበት እንጂ" አለው ጀማሉ። "ቁጭ ማለት አያስከፍልም።"

ቁጭ አለበት። ነገሩ እዚያው አለቀ።

ለዋጋው ማሟያ አሮጊቷን ሞተር በየካምቦው ወተት ለሚያዞረው ለሱዳናዊው ለሙዳሲር ሸጣት። አዲሱን ይዞ ከገዳሪፍ ሲወጣ መጀመሪያ ፈራው። ነዳጅ ትንሽ ሲሰጠው ከሥሩ ሊያመልጥ ይፈልጋል፤ ፍሬኑን እንደ ድሮው በኃይል ሲይዘው ቀጥ ብሎ በግንባሩ ሊደፋው ምንም አልቀረው። ከተማውን ሲለቅ ተግባቡ። አምስተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ ሜዳው በሁለት ጎኑ ሲሮጥ፣ አዲሱ ሄልሜት ውስጥ ብቻውን ይስቅ ነበር። ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

ካምቦው ሲደርስ እናቱ ሞተሩን ከፊት ጎማው እስከ ኋላው ዳበሰችው።

"ፈረስ ነው የገዛኸው?" አለች።

ልትወጣ ስትል መቀመጫው ከወገቧ በላይ ሆነባት። ሁለት ሰው ደግፎ አወጣት፤ ካምቦውን አንድ ጊዜ እንደዞሩ አውርደኝ አለች።

"ድምፁስ?" አላት።

"ድምፁማ ያምራል። ግን ባንቴ፣ ይኼ የሁሉም ሰው ድምፅ ነው። አንተን ከሌላው በምን ልለይህ?"

"ትለምጂዋለሽ።"

እውነቱን ነው፣ ጊዜ ቢኖራት ትለምደው ነበር። የነበራት አሥራ አንድ ቀን ነው።

በእነዚያ ቀናት ሙዳሲር በአሮጊቷ ሞተር ወተቱን ይዞ ሲያልፍ ዙፋን ከተቀመጠችበት ብድግ ትላለች። "መጣ" ትልና ወዲያው ትዝ ይላታል። ሸዋረጋ ትስቃለች፣ እሷም አብራ ትስቃለች፤ ባንታምላክም ሲነገረው ሳቀ። አንድ ጊዜ እራት ላይ እናቱ "ያችን ልጅ መልሳት" አለችው። ሞተሯን ማለቷ ነው። ቀልድ መሰለው።

"እሽ፣ እመልሳታለሁ" አላት፣ ነገሩን ለመዝጋት ያህል።

በዘጠነኛው ቀን ቱነይድባ የሚሄድ ሰው ተገኘ። ባንታምላክ ነገ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ። እዚያ ነዳጅ ጠፋ፣ ስልኩም አልሠራ አለ፤ አንዱ ሌሊት ሁለት ሆነ። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ካምቦው ሲገባ ሸዋረጋ ደጃፍ ቆማ ነበር። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭናለች።

"ወፍጮ ቤት ደርሼ ስመለስ የለችም" አለችው። "ጓሮውንም ፈለግን፣ ውሃው ዘንድም ሄድን። በትሯም የለ።"

ከሞተሩ ሳይወርድ ዞረ። ጥርጊያው መንገድ በማሽላው መሐል እስከ ኾሩ ይሄዳል፤ ኾሩ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ውሃ የሚይዝ ጅረት ነው። ባንታምላክ የነጭ ነጠላ ምልክት እየፈለገ እስከዚያ ነዳ። ሄልሜቱ ውስጥ ሆኖ "እማ" እያለ፣ ሲጨንቀው ደግሞ በስሟ እየጠራ ይጮኻል፤ በሄልሜቱና በሞተሩ ጩኸት መሐል ግን የማን ድምፅ እንደሆነ የሚለይ የለም። ኾሩ ዘንድ አጥፍቶ አዳመጠ። ከወፍ በቀር ምንም የለም። ሽፍቶቹ ወስደዋት ይሆናል ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ተመለሰ፣ በአስፋልቱ ዳር ፈለገ፣ እንደገና ያንኑ መንገድ ያዘ። ሳይመሽ ሩቅ ማዳረስ የሚችል ሞተር ስላለው በፍጥነቱ ተማመነ። እኔን የሚያናድደኝ ይኼ ፍጥነት ነው። በእግሩ ቢሄድ ኖሮ እላለሁ፤ ግን እናቱ የጠፋችበትን ሰው ቀስ በል ማለት ለተቀመጠ ሰው ይቀላል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ለሦስተኛ ጊዜ አለፈ። የካምቦው ሰው በጨለማ ቢወጣም አላገኛትም።

በማግሥቱ ጠዋት ሙዳሲር ወሬውን ሰማና ወተቱን እንኳ ሳያወርድ በዚያች ሞተር ወጣ። ከካምቦው ብዙም ሳይርቅ ከማሽላው ውስጥ አንድ እጅ ከፍ ሲል አየ። ሞተሯን ሲያጠፋ "ባንቴ" የሚል የደከመ ድምፅ ሰማ። ዙፋን ከመንገዱ ሃያ እርምጃ ገባ ብላ ተኝታ ነበር። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ምላሷ አልታዘዝ ብሏታል። ሙዳሲር በጥምጥሙ ጀርባው ላይ አስሮ አመጣት።

"ወላሂ፣ ሐቦባ አንተን መስያት ነው ያናገረችኝ" አለው ባንታምላክን። ሐቦባ የሚሉት አያትን ነው፤ ሙዳሲር ዙፋንን ሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም።

ጤና ጣቢያ ወሰዷት። በደም ሥሯ ፈሳሽ ተሰጣት፤ የሚቻለው ሁሉ ተደረገላት። የጥቅምት ፀሐይ በዚያ ዕድሜ ያለን ሰው ሲያደርቅ ኩላሊቱን ነው የሚይዘው አሉ። ዙፋን በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል አረፈች። ሀገሬው ወጥቶ ቀበራት፣ ሙዳሲርም ከነቤተሰቡ መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ሐዘን ነው፣ ሐዘን ደግሞ በሰው ሁሉ ይደርሳል። ባንታምላክን ዝም ያሰኘው ሞቷ ብቻ አይደለም። ከመሞቷ በፊት በነበረው ከሰዓት በኋላ ነፍስ ዘርታ፣ እጁን ይዛ የነገረችው ነው።

"ያችን ልጅ መለስሃት ብየ ወጣሁ" አለችው። "ድምፅዋን ሰማሁ። ከመንገዱ ቆማ ትንተከተካለች፣ እየጠበቀችኝ ነው አልሁ። ልደርስባት ስል ተነሥታ ሄደች። ስከተላት መንገዱ ጠፋኝ።"

"አትድከሚ፣ እማ።"

"ስማኝ እንጂ። መጡ እኮ፣ እነዚያ ሰዎች። በትልቅ ሞተር። ሦስት ጊዜ አለፉ። አንተ እንዳልኸው በስሜ ይጠራሉ።" ፊቷ ላይ ኩራት ነበር፣ ጥያቄውን አሟልቶ የመለሰ ተማሪ ኩራት። "በሆዴ ተኛሁ። ውሃ ጥሙ አንገበገበኝ፣ እኔ ግን ትንፍሽ አላልሁም።"

ባንታምላክ አፉን ከፈተ። እኔ ነበርሁ ሊላት ነበር። አየት ሲያደርጋት፣ ያ ኩራት ገና ከፊቷ አልጠፋም።

"ደግ አደረግሁ?" አለችው።

"ደግ አደረግሽ።"

"ቢያገኙኝ አንተን ነበር የሚያሰቃዩህ።"

"አዎ፣ እማ።"

ትንፋሿ ከላይ ከላይ ነበር።

"አንተስ የት ነበርህ? ድምፅህን ስጠብቅ ዋልሁ።"

"ሩቅ ነበርሁ" አላት። "ሩቅ ነበርሁ፣ እማ።"

"አይዞህ" አለችው፣ እጁን በአውራ ጣቷ እያሻሸች። "መንገደኛ ነህ፣ ምን ታደርግ።"