ማንኪያ የተከለከለች ቡና ቀማሽ

የምሠራው ቡና በሚቀመስበት ክፍል ነው። ከአጋሮ፣ ከጌራ፣ ከሊሙ የመጣው ቡና ተቆልቶ ይፈጫል፣ በየሲኒው ይደረጋል፣ የፈላ ውኃ ይፈስበታል። እኛ ቀማሾቹ ጠረጴዛውን ተከታትለን እየዞርን ከየሲኒው በማንኪያ እንቀዳለን፣ እንምጋለን፣ እንተፋለን፣ ነጥብ እንሰጣለን። መማግ ስል ቀስ ብሎ ፉት ማለት አይደለም። ቡናው ከአየር ጋር ተቀላቅሎ መላ አፍን እንዲያዳርስ በኃይል ይሳባል። ቤት ውስጥ ቢሆን እናቴ በዓይኗ የምትቆጣው ዓይነት ድምፅ አለው።

የተወለድኩት የላይኛው ከንፈሬ ተሰንጥቆ ነው። ልጅ ሳለሁ የምጠጣው ነገር በስንጥቁ ስለሚፈስ፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ገብቼ እበላ ነበር። ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው፤ አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች ትከሻዬ ላይ አይደርሱም። ከማውራት ማንበብ ስለሚቀለኝ ደረስኩባቸው፣ አለፍኳቸውም። ይህን ሥራ ሳገኝ ከሁሉ የወደድኩት፣ በዚያ ክፍል ሰው ሁሉ በድምፅ መማጉን ነው። እኔ ስምግ በስንጥቁ የሚሾልከው አየር ቀጭን ፉጨት ነበረው። ከሌላው ድምፅ ጋር ስለሚደባለቅ ማንም አይለየውም ብዬ አምን ነበር።

ሐኪሙ፣ በእኔ ዕድሜም ቢሆን ይሰፋል ሲለኝ፣ ለመወሰን ብዙ አሰብኩ። ለውበት ነው ወይ ብለው የጠየቁኝ ነበሩ። አይደለም እል ነበር። ለውበትም ነበር። አንድ ቀን እንኳ እጄን ወደ አፌ ሳልወስድ መሳቅ ፈልጌ ነበር።

የሕመም ፈቃድ ለመጠየቅ የአስተዳደር ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደለም። ግራ ገብቶት ነበር።

«ይሄ አሁን በሽታ ይባላል? አብሮሽ የኖረ ነገር እኮ ነው እህቴ። የዓመት ፈቃድሽን ብትወስጂስ?»

«የዓመት ፈቃድ ለማረፍ ነው። እኔ ቁስል ይዤ ነው የምተኛው።»

«እሱስ ልክ ነሽ፤ ግን…»

«የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን አንብቤዋለሁ። ሠራተኛ ሲታመም ይላል፤ ሕመሙ አዲስ ይሁን አይልም። ሐኪሙም መሥራት አትችልም ብሎ ጽፏል።»

መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። «ከአንቺ ጋር ክርክር የሚገጥም ሰው መጀመሪያ መጽሐፍ ቤት ይግባ» ብሎ ፈረመልኝ። «ቦታሽ ይጠብቅሻል። ፈቃድ ላይ ያለን ሰው የሚነካ የለም።»

ቦታዬን አምኜዋለሁ። ያላመንኩት አፌን ነው። ከንፈሬ ሲዘጋ አሳሳቤ ይለወጣል፤ አፍንጫዬም አብሮ ይነካል። እስከዚያ ቀን ቡና የቀመስኩት በዚያ በተሰነጠቀ አፍ ነው። በተሰፋው መቅመስ ባልችልስ? ያለ ቅምሻ ያ ቦታ ለእኔ ወንበር ብቻ ነው።

ይህን ፍርሃቴን የነገርኩት ሥራውን ላስተማሩኝ ሽማግሌ ነው። የሄርማታ ሰፈር ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ጠረጴዛውን ስንዞር ሁልጊዜ ከኋላዬ ይከተላሉ፤ እኔ ቀምሼ ካለፍኩት ሲኒ እሳቸው ይቀጥላሉ።

«አማማግሽ ይለወጣል?» አሉኝ።

«አላውቅም ጋሼ።»

«ፉጨቱስ?»

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። «ይሰሙታል እንዴ?»

«ጆሮ ሰጥቶኛል አላህ።» ፈገግ አሉ። «አብሽሪ። ሂጂ ተሰፊ። ኢንሻ አላህ በደህና ትመለሻለሽ።»

አብሽሪ ቢሉኝም አልተጽናናሁም። እንደ እሳቸው ያለ ቀማሽ ስለ አማማጌ ከጠየቀ የሚያሰጋ ነገር ቢኖር ነው ብዬ ደመደምኩ።

ከሆስፒታል የወጣሁት በክረምቱ መሐል ነው። ጊንጆ ሰፈር፣ እህቴ ቤት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እየዋለ ተኛሁ። ሐኪሙ የከለከለኝ ብዙ ነው፤ መሳብ፣ መማግ፣ አፍ ከፍቶ መሳቅ፣ ማንኪያ። እህቴ ይህን ስትሰማ «ማንኪያ የተከለከለች ቀማሽ» አለችና ቀኑን ሙሉ በዚሁ ስም ጠራችኝ። አጥሚቱን በሲኒ ጠርዝ ቀስ አድርጋ ታንቆረቁርልኝ ነበር። አገጬን በመዳፏ ደግፋ፣ ለሕፃን እንደሚደረገው፣ እኔ ስውጥ እሷም አብራ ትውጥ ነበር።

ጠያቂ ሞላን። ችግሩ፣ ምን ተብሎ እንደምጠየቅ ያወቀ ሰው አልነበረም። «እግዜር ይማርሽ» እንዳይሉኝ ደህና ነኝ፤ «እንኳን ደስ ያለሽ» እንዳይሉኝ ፊቴ አብጦ ጠቁሯል። ከጎን ቤት ያሉት እትዬ ገንፎ በቅቤ ይዘው ገቡ፤ አልጋዬን፣ አጥሚቱን፣ የተከናነብኩትን ጋቢ አዩና፣

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉ።

እህቴ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ሳቀች። እትዬ ያሉትን የሰሙት ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው።

«ምን ላድርግ ታዲያ፣ ቤቱ የአራስ ቤት መሰለኝ። ወንድ ነው ሴት?»

«ከንፈር ነው» አለች እህቴ።

ስፌቱ እንዳይለቅ ከንፈሬን በሁለት ጣት ይዤ በዓይኔ ብቻ ሳቅኩ። እንባዬ ወረደ። እትዬ አመመኝ ብለው ደንግጠው ጀርባዬን ያሹኝ ጀመር፤ ያም አሳቀኝ።

ጋሼ የመጡት አርብ፣ ከስግደት በኋላ ነው። ባጃጁን በር ላይ አስቁመው፣ መቃኑን በእጃቸው ዳብሰው ገቡ። የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ከንፈሬን ነበር፤ እሳቸው ብቻ አላዩትም። የሴት ፊት ላይ ላለማፍጠጥ ነው፣ ከአደባቸው፣ ከጨዋነታቸው ነው ብዬ በልቤ መረቅኳቸው። ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ የተፈጨ ቡና አወጡ።

«መማግ ከለከሉሽ እንጂ ማሽተት አልከለከሉሽም።»

ወረቀቱን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ምንም አልሸተተኝም። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አፍንጫዬ የሰው አፍንጫ ሆኖብኛል።

«የለም ጋሼ። ሄዷል።»

«እብጠት ነው። ቡናው የትም አይሄድ፤ እኔም የትም አልሄድ።»

በሚቀጥለውም አርብ መጡ። ያኔም ምንም የለም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ቆየሁ፤ እህቴ እግሬን በጋቢ ሸፈነችልኝ። ከዚያ አንድ አርብ፣ ወረቀቱ ገና ሳይፈታ፣ የበሰለ ኮክ የመሰለ ነገር ሽው አለብኝ።

«ጌራ» አልኩ።

«ማሻ አላህ» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። ለእኔ ደስ ብሏቸው ነው ብዬ ነበር። ለእኔም ነበር።

ፈቃዴ አልቆ የተመለስኩት ዝናቡ ሲያባራ ነው። ባልደረቦቼ ፊቴን አይተው «ቆንጆ» አሉኝ፤ አመሰገንኩ፣ አፈርኩ፣ ሽርጤን አሰርኩ። የመጀመሪያውን ማንኪያ ማግኩ። ከንፈሬ ገና ደንዛዛ ስለሆነ ጥቂቱ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። የቀረው ግን አፌን ሞላው። መጀመሪያ ሎሚ፣ ከዚያ ማር፣ መጨረሻ ላይ ደረቅ ሻይ ቅጠል። ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። አለ። ሁሉም ቦታው ላይ አለ።

ዓይኔን ስገልጥ የጋሼ ማንኪያ ከእኔ ማንኪያ ጋር ተጋጨ፤ እኔ ያለሁበት ሲኒ ውስጥ ነው የገባው። «አፉ በይኝ» ብለው ይቅርታ ጠየቁኝ። ወደሚቀጥለው አለፍኩ። እንደገና ተጋጨ። ስንት ዘመን አብረን ስንዞር እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከሦስተኛው በኋላ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ወደ ውጭ ወጡ፤ ተከተልኳቸው። በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠው ነበር።

«ፉጨትሽ የት ሄደ?»

«ተሰፋ ጋሼ።»

«እኔ በሱ ነበር የምሄደው።»

ወዲያው አልገባኝም። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል አሉኝ። የሲኒውን ንጣት ያያሉ፤ ማን የት እንደቆመ ግን አይለዩም። ፉጨቴ ሲያልፍ ተራቸው እንደደረሰ ያውቁ ነበር። መቃኑን መዳበሳቸው፣ ከንፈሬን አለማየታቸው፣ ያ ጥያቄያቸው፣ ሁሉም አሁን ገባኝ።

«ለምን አይታከሙም? ሞራ እኮ ይነሳል።»

«ሄጄ ስመለስ ቦታዬን ሌላ ሰው ቆሞበት ባገኘውስ?»

እኔ ከኃላፊው ቢሮ ስወጣ በልቤ ይዤው የወጣሁትን ፍርሃት የሚመስል እሳቸው ጋ ቁጭ ብሎ አገኘሁ። የእሳቸው ከእኔው የቆየ ነው።

«ፈቃድ አለ ጋሼ። ኃላፊው ጋ አብረን እንገባለን፤ አዋጁን እኔ አነብለታለሁ።»

«ያ ሰውዬ ደግሞ አንቺን ሲያይ ራሱ ፈቃድ ይወጣል» አሉና ሳቁ።

ከበረንዳው ስንመለስ እኔ ቀደምኩ። ማንኪያ ከሲኒ ጋር የሚያጋጭ ቀማሽ አልወድም፤ ጀማሪዎችን የምቆጣው በዚህ ነው። የመጀመሪያውን ሲኒ ቀምሼ ሳልፍ ጠርዙን በማንኪያዬ መታሁት፣ ቀጭን ድምፅ ሰጠ። ከኋላዬ ሲምጉና ሲተፉ ሰማሁ። ሁለተኛውን መታሁ። ተከተሉኝ።

ሐኪም ቤት እስኪገቡ ድረስ እንዲሁ ዞርን። አሁን ተራው የእሳቸው ነው። አንዱ ዓይናቸው ተሸፍኖ ሄርማታ ቤታቸው ተኝተዋል፤ እኔ አርብ ከሰዓት በወረቀት የተጠቀለለ ቡና ይዤላቸው እሄዳለሁ። ክፍሉ ውስጥ ግን ከኋላዬ ሰው ሳይኖር ሲኒ መምታቴን አልተውኩም። ትናንት አንዷ ጀማሪ «እኛን ትቆጪና ራስሽ ታጋጪያለሽ?» አለችኝ። የጋሼን ቦታ እየጠበቅኩ ነው አልኳት።