በወር አንድ ነገር

ዛሬ ጠዋት ደስታው ይዤ የመጣሁትን ቁርስ አስረሳኝ። የሥነ ምግብ ክበባችን ኃላፊ መምህርት ሰላማዊት ከሰልፍ በኋላ ጠሩኝና፣ «የቅዳሜው የጋራ ምሳ ተፈቅዶልናል። የጥሪ ጽሑፉን አንቺ ትጽፊዋለሽ፤ ከራስሽ ታሪክ ጀምሪው» አሉኝ። እኔ! ባለፈው ዓመት ድርሰት ሲታዘዝ ከኋላ ወንበር የምደበቅ ልጅ!

እሺ፣ ከራሴ ልጀምር። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከዚያ በፊት ለአረፋ የታረደውን በግ ሁለት ወር ሙሉ ሣር ያበላሁት እኔ ስለነበርኩ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ሥጋ ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኝ ነበር። ቤተሰቤ ያልፍላታል ብሎ ተወኝ። ዓመት ሊሞላኝ ሲል ግን ቦንጋ ገበያ ዳር ባለው የአባዬ ሱቅ፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል ከምንጠቀልልባቸው አሮጌ መጽሔቶች መሃል አንድ ገጽ አገኘሁ። ሥጋ የተወ ሰው ቀጥሎ ሊሄድበት ስለሚችለው ማክሮባዮቲክ ስለሚባል አመጋገብ ይናገራል። ያልተፈተገ ሩዝና እህል፣ ጎመን፣ ሥራ ሥር፣ የባሕር አረም ብሉ፤ ስኳር፣ ቡና፣ ወተት፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ ቲማቲም፣ ድንች ተዉ፤ እያንዳንዷን ጉርሻ ሃምሳ ጊዜ አኝኩ። ገጹ ሲያልቅ «ነገር ግን ጀማሪ የሆነ ሰው ከሁሉ በፊት» ይልና ይቆማል። ቀጣዩ ገጽ የሰው ሻይ ቅጠል ይዞ ሄዷል።

ምን ላድርግ? ሁሉንም ባንዴ ተውኩት።

ቦንጋ ባሕር የላትም። እማ ያለ በርበሬ ወጥ አትሠራም። ትሪው ላይ ስንቀርብ እኔ እያኘክኩ ሠላሳ ስድስት ላይ ስደርስ ምግቡ አልቋል። «አይዞሽ፣ የቀረውን እኛ እንቆጥርልሻለን» ይለኛል ወንድሜ ሰዒድ፣ የመጨረሻዋን እየጠቀለለ። እማ ደግሞ፣ «በጉስ ይሁን፣ አዘንሽለት። ቲማቲሙ ምን አደረገሽ?» ትለኛለች። ይርበኛል፤ ልብላ ስል ያ ዝርዝር ዓይኔ ላይ ድቅን ይላል።

ዝናቡ ሳያባራ በሰነበተበት አንድ ሰኞ ክፍል ውስጥ ራሴን ስቼ ወደቅኩ። አባዬ ከጤና ጣቢያ መለሰኝ። ቤት ስንደርስ፣ «ሱቄ ውስጥ የማይበላው ሳሙና ብቻ ነበር። ላንቺ ሁሉም ሳሙና ሆነ» አለ። «ዓርብ ደካ ከተማ አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ። እንደ ሰው ስትበዪ ትመለሻለሽ።»

ለሚኒስትሪ ፈተና ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል። ደካ ከሄድኩ ዓመቱ ሄደ ማለት ነው። አልቅሼ ለመንኩት፤ አልሰማኝም። ለራሴ ያልገባኝን እንዴት ላስረዳው?

የቀረኝ ተስፋ፣ ለጀማሪ ምን እንደሚል ያላወቅኩት ያ የጎደለው ገጽ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ባገኘሁ ሰሞን ሻይ ቅጠል የገዙትን ሰዎች ቤት ለቤት ዞርኩ። አንዷ እሳት አቀጣጥላበታለች። ሌላዋ፣ «የሻይ ቅጠል ወረቀት ማን ያስቀምጣል፣ ልጄ?» ብላ ሳቀችብኝ። ሐሙስ ከሰዓት፣ ተስፋዬ ተሟጦ፣ ጎደሬ የሚሸጡት እትዬ አስካለች ቤት ገባሁ። ገጹ ግድግዳቸው ላይ አለ! ለጌጥ በሊጥ ለጥፈውታል፣ ያውም ገልብጠው።

«ለአባዬ ላሳየው፣ ልንቀለው፣ እትዬ?»

«ቤቴን ልታፈርሺ ነው? አባትሽን ጥሪያቸው፣ እዚሁ ያንብቡት።»

አባዬ መጣ። የጫማውን ጭቃ ደጃፍ ላይ አራግፎ ገባና አንገቱን እስከ ትከሻው አዘንብሎ ጮክ ብሎ አነበበ፦ ጀማሪ ከሁሉ በፊት ቤተሰቡ ከሚበላው ይነሣ፤ በወር ከአንድ ነገር በላይ አይለውጥ፤ ባገሩ የሚበቅለውን ይመገብ፤ ልጅ ከሆነ ሐኪም ሳያማክር አይጀምር።

እትዬ አስካለች የተቀቀለ ጎደሬ አቀረቡልን። አባዬ አንዱን ልጦ ሰጠኝ።

«በወር አንድ» አለ። «ሁለት የተውሽ ቀን፣ ደካ።»

ደካን ሳላይ ተፈተንኩ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ወተቱንና እንቁላሉን እንዳልተው አስጠነቀቀችኝ። መጀመሪያ ስኳርን ተውኩ፣ በሚቀጥለው ወር ነጩን ዳቦ። በርበሬው ገና ነው፤ ቡናውም። ካፋ ተቀምጦ ቡና መተው ቀላል መስሏችኋል? አሁንም ለምን ሲሉኝ አንዳንዴ መልሱ ይጠፋኛል። ያኔ ግን ከርሃቡ ይልቅ የከበደኝ፣ ያ ሁሉ ሰው ከቦኝ ብቻዬን መሆኔ ነበር።

ስለዚህ ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ኑ። ቆጮም ይሁን ሽሮ፣ ከቤታችሁ የሚበላውን ጥቂት ያዙ። ቤታችሁ ውስጥ ይህን አልበላም በማለቱ የሚሳቅበት ሰው ካለ ግን፣ ምግቡን ተዉትና እሱን ይዛችሁልኝ ኑ። አጠገቤ ቦታ ይዤለታለሁ።